ግድግዳውና መደርደሪያው፦ በደሴ ፒያሳ ስላለ አንድ የመዋቢያ መደብር

ደሴ ፒያሳ አካባቢ ካሉት የመዋቢያ መደብሮች አንዱ የግድግዳ ማስታወቂያዎቹን ቀይሯል። ግማሽ ፊቷ ጠቁሮ ግማሹ የቀላ ሴት ትታይበት በነበረው ቦታ ላይ ዛሬ በፈቃዳቸው የተነሡ ደንበኞች ፎቶ ተሰቅሏል፤ ጠይም ወጣት፣ ጸጉራቸው የሸበተ እናት፣ ጉንጯ ላይ የብጉር ጠባሳ ያለባት ተማሪ። የተማሪዋ ጠባሳ በኮምፒዩተር አለመጥፋቱ ከሁሉ ይበልጥ አስደስቶኛል። የወሎ ሴት ቁንጅና በየዘፈኑ ሲወደስ ኖሯል፤ ውዳሴው ግን ብዙ ጊዜ ቀይ መልክንና ረጅም ጸጉርን መለኪያ ስለሚያደርግ፣ ከዚያ የወጣች ልጅ በገዛ አገሯ ባይተዋር ሆና ታድጋለች።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። የዩኒሊቨር ኩባንያ የሳሙናና የመዋቢያ ምርት የሆነው ዶቭ ሞዴል ያልሆኑ ሴቶችን ይዞ የማስታወቂያ ዘመቻውን የጀመረው በ2004 እ.ኤ.አ. ነው። ይኸው ኩባንያ ግን በዚያው ዘመን በእስያ ፌር ኤንድ ላቭሊ የተባለውን ፊት የሚያቀላ ክሬም ይሸጥ ነበር፤ በ2020 ስሙን ግሎው ኤንድ ላቭሊ ብሎ ለወጠው እንጂ ከገበያ አላወጣውም። በ2021 ደግሞ በማስታወቂያዎቹ ውስጥ የሰውን የሰውነት ቅርጽና የቆዳ ቀለም በኮምፒዩተር እንደማይለውጥ አስታወቀ። ማስታወቂያና ሸቀጥ እንዲህ ሊለያዩ ስለሚችሉ፣ እኔም ከግድግዳው ይልቅ መደርደሪያውን በጥንቃቄ ተመለከትኩ።

አንዲት ልጅ ፊቷን የሚያፈካላት ክሬም ስትጠይቅ ሻጯ፣ «የኔ እህት፣ መልክሽ ምንም አልጎደለው፤ ያስቸገረሽ ድርቀቱ ከሆነ በዚህ ብርድ ቫዝሊን ይበቃሻል» አለቻት። ውዱን መሸጥ ስትችል ርካሹን ማንሣቷ በእውነት የሚያስመሰግን ነው።

ሆኖም ከታችኛው መደርደሪያ ላይ የይዘት ዝርዝር ያልተጻፈባቸው የሚያቀሉ ክሬሞች አሁንም አሉ። ባለቤቱን ብጠይቃቸው ቀደም ሲል የገባ ዕቃ መሆኑን፣ ሲያልቅም እንደማያስመጡ ነገሩኝ። ምክንያታቸው አላረካኝም። በእንዲህ ዓይነት ክሬሞች ውስጥ አንዳንድ ጊዜ የሚገኘው ሜርኩሪ ኩላሊትን ይጎዳል፤ ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሚቀባ ስቴሮይድ የተባለ ጠንካራ መድኃኒትም ቆዳን ያሳሳል። ይዘቱ ያልታወቀ ክሬም እስኪያልቅ ድረስ ሊሸጥ አይገባም፤ ዛሬውኑ መነሣት አለበት።

በቀረው ግን መደብሩን ለወዳጆቼ እመክራለሁ። ዋጋ በየዕቃው ላይ ተለጥፏል፤ ሳሙናውና ሎሽኑ የአገልግሎት ጊዜያቸው ያላለፈ ነው፤ መስተንግዶውም ደንበኛን ያከብራል። ደካማው የጸጉር ክፍሉ ነው። ከፎቶዎቹ በአንዱ ላይ ከርዳዳ ጸጉሯን እንዳለ የለቀቀች ወጣት ትታያለች፤ ለእንደ እርሷ ያለ ጸጉር የቀረበው ግን ማለስለሻ ብቻ ነው። ጥርሱ የተራራቀ ማበጠሪያና ጸጉርን የሚያለዝብ ቅባት ቢያስገቡ ገዢ እንደማያጡ አምናለሁ፤ ይህንኑም ለባለቤቱ ነግሬያቸዋለሁ።