የላቬንደር ዘር ከገዛችሁ መጀመሪያ ፍሪጅ ውስጥ አስገቡት

አዲስ አበባ ውስጥ የውጭ አበባ ዘር በፓኬት የሚሸጡ ሱቆች በዝተዋል። እኔም ከአንዱ ላቬንደር ገዝቼ ዘራሁ። አስተያየቴን የምጽፈው "በተንኩት፣ አልበቀለም፣ ዘሩ የሞተ ነው" የሚል ሰው ደጋግሞ ስለሚያጋጥመኝ ነው። ዘሩ አልሞተም። ሱቁ ዋናውን ነገር ስለማይነግራችሁ ነው።

ማሸጊያው ጥሩ ነው። ውስጡ እርጥበት የማያስገባ ሌላ ከረጢት አለ፣ የታሸገበት ዓመት ተጽፏል፣ ዓይነቱም ላቫንዱላ አንጉስቲፎሊያ፣ ማለትም የእንግሊዝ ላቬንደር የሚባለው መሆኑ ተገልጿል። ከጀርባው ስለ ፀሐይ፣ ስለ ውኃና ስለ ርቀት ይላል። ስለ ቅዝቃዜ ግን አንድም ቃል የለም። ሻጩን ስጠይቀው "እህቴ፣ ዝም ብለሽ አፈር ላይ በትኚው፣ ይወጣል" አለኝ። እንዲህ ተብሎ መሸጡ በጣም ያናድዳል፤ ሰው ገንዘቡን አውጥቶ፣ ውኃ በሚጠፋበት ከተማ ባዶ አፈር ሲያጠጣ ይከርማል።

ላቬንደር መሠረቱ የሜዲትራኒያን አካባቢ ተራሮች ነው። ዘሩ እንደረገፈ ቢበቅል የዚያ አገር ውርጭ ቡቃያውን ይገድለዋል። ስለዚህ ዘሩ ራሱን ይይዛል። አብሲሲክ አሲድ የሚባለው ሆርሞን እንዳይበቅል ያግደዋል፤ እርጥበትና ቅዝቃዜ አንድ ላይ ለሳምንታት ሲቆዩበት እሱ እየቀነሰ፣ ጂበረሊን የሚባለው ደግሞ እየበረታ ይሄዳል፣ ዘሩም ብርዱ አለፈ ብሎ ይነቃል። እኛ ጋ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቱ ቢቀዘቅዝም ቀን ፀሐዩ መልሶ ያሞቀዋል። ያንን ረጅም ቅዝቃዜ የሚሰጠን ፍሪጅ ነው።

አሠራሩ ቀላል ነው። ሶፍት በውኃ አርሳችሁ ጠብ እስከማይል ጭመቁት፣ ዘሩን ላዩ ላይ በትናችሁ እጠፉት፣ ዚፕ ባለው ፌስታል ውስጥ አድርጋችሁ ቀኑን ጻፉበትና ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጡት። 4 ዲግሪ አካባቢ በቂ ነው። ከ3 እስከ 6 ሳምንት ይቆይ። ፍሪዘር ውስጥ እንዳታስገቡት፣ ውኃ የጠጣ ዘር በረዶ ከሆነ ይሞታል። ዘሩን ከነፓኬቱ ደረቁን ፍሪጅ ውስጥ ማኖርም እንቅልፉን አይሰብረውም፣ እርጥበቱ የግድ ነው። በየሳምንቱ ከፈት እያደረጋችሁ ሻጋታ እንዳልያዘው እዩ። መብራት ለጥቂት ሰዓት ቢጠፋ አትጨነቁ፣ ፍሪጁን ካልከፈታችሁት ቅዝቃዜውን ይይዛል።

ከዚያ በኋላ ወደ አፈር። ወገቡ ላይ የተቆረጠ ሃይላንድ፣ ሥሩ የተበሳ፣ አሸዋ የተቀላቀለበት አፈር ይበቃል። ዘሩን አትቅበሩት! ላቬንደር ለመብቀል ብርሃን ይወዳል፤ ላዩ ላይ በትናችሁ በጣት ጫን ብቻ አድርጉት፣ ውኃውንም በመርጫ እፍ እያላችሁ ስጡት።

እኔ የፓኬቱን ግማሽ ፍሪጅ አስገብቼ፣ ግማሹን ሻጩ እንዳለው በቀጥታ ዘራሁት። ከፍሪጅ የወጣው አብዛኛው ተከታትሎ በቀለ። በቀጥታ የተዘራው ግን አንድ እዚህ፣ አንድ እዚያ፣ ያውም ዘግይቶ። አንድ ፓኬት፣ አንድ አፈር፣ አንድ መስኮት ላይ ነው ይህ ልዩነት የታየው፤ ስለዚህ ዘሩን ራሱን ያለ ጥርጥር ጥሩ ነው እላለሁ፣ ደግሜም እገዛዋለሁ።

ይህን ስላነበባችሁ ግን ያገኛችሁትን ዘር ሁሉ ፍሪጅ ውስጥ አትክተቱ። ቲማቲም፣ ቃሪያና በሶብላ የሚፈልጉት ሙቀት ነው። ግራር ደግሞ ችግሩ የቅርፊቱ ጥንካሬ ስለሆነ ፈልቶ የወረደ ውኃ ውስጥ ይዘፈዘፋል። የፖም ዘር ቅዝቃዜ ይፈልጋል፣ ያውም ከ2 እስከ 3 ወር፤ ነገር ግን ከዘር የበቀለ ፖም የእናቱን ፍሬ አይደግምም፣ ስለዚህ የሚበላ ፖም የፈለገ እንደ ጨንቻ ገበሬዎች በሌላ ፖም ግንድ ላይ የተከተበ (ግራፍት የተደረገ) ችግኝ ይትከል።

ለአስመጪዎችና ለሱቆች የምለው፣ ፓኬቱ ላይ በአማርኛ "መጀመሪያ አርጥባችሁ ፍሪጅ ውስጥ 1 ወር አቆዩት" የምትል ወረቀት ለጥፉ። ዘሩ ጥሩ ሆኖ ሳለ ስማችሁ በከንቱ እየጠፋ ነው።

ከዘር የተነሳ ላቬንደር በደንብ የሚያብበው ብዙውን ጊዜ በሁለተኛው ዓመት ነው። የቸኮላችሁ ካላችሁ ካለው ሰው ቅርንጫፍ ለምናችሁ ልክ እንደ ጥብስ ቅጠል ቆርጣችሁ ትከሉት፣ ለዚያ ፍሪጅም አያስፈልግም።