ለነጻ ፎርም 780 ፓውንድ እንዳትከፍሉ

እንግሊዝ አገር ያላችሁ ወገኖች፣ በተለይ ዕድሜያቸው የገፋ ወላጆች ያሏችሁ፣ ይህን አንብባችሁ ለሌላውም አድርሱ። «ላስቲንግ ፓወር ኦፍ አተርኒ (ዘላቂ ውክልና) እናዘጋጅላችሁ» እያሉ ቤት ድረስ የሚመጡ ሰዎች አሉ። ውክልናው ራሱ ጥሩ ነገር ነው። ሰው አእምሮው ሲደክም ባንኩን የሚያንቀሳቅስለት፣ ስለ ሕክምናው የሚወስንለት ሰው አስቀድሞ ይመርጥበታል። ችግሩ ያለው ሻጮቹ ጋ ነው።

አክስቴ ለንደን ውስጥ ብቻዋን ነው የምትኖረው። አንዱ ታብሌቱን ይዞ መጣ፤ ሳሎኗ ቁጭ ብሎ «ዛሬ ከፈረሙ ቅናሽ አለ» አላት። ቀብድ ተቀብሎ ሄደ። የተወላትን ወረቀት ሳይ ደሜ ፈላ። ለገንዘቡና ለጤናው ውክልና ማዘጋጃ 780 ፓውንድ። ሰነዱን ለማስቀመጥ በየዓመቱ 35 ፓውንድ። ከታች በደቃቅ ፊደል ደግሞ «የመንግሥትን የምዝገባ ክፍያ አይጨምርም» ይላል።

ፎርሙ ከመንግሥት ድረ ገጽ በነጻ ይገኛል። እዚያው ኦንላይን መሙላት ይቻላል። ማስመዝገቢያው ለአንዱ ውክልና 92 ፓውንድ፣ ለሁለቱ (ለገንዘቡና ለጤናው) 184 ነው። ዓመታዊ ገቢው ከ12,000 ፓውንድ በታች የሆነ ሰው ግማሹን ብቻ ለመክፈል ያመለክታል። አክስቴ የፔንሽን ክሬዲት ጋራንቲ (ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ ጡረተኞች የሚሰጥ የመንግሥት ድጎማ) ስለምታገኝ ከነጭራሹ ላትከፍል ትችል ነበር። ሰውየው ይህን አንዴም አላነሳላትም።

ከገንዘቡ በላይ ያናደደኝ ግን ሌላ ነው። ሕጉ «ይህ ሰው የሚፈርመውን ተረድቷል፣ ማንም አላስገደደውም» ብሎ የሚያረጋግጥ ገለልተኛ ሰው ይጠይቃል። ሻጩ በዚያ ቦታ የራሱን ስም አስገብቷል። አክስቴ እንግሊዝኛ ብዙም አትችልም፤ አስተርጓሚም አልነበረም። ታዲያ ምኑን ነው የሚያረጋግጠው? ይህን ቦታ ቢያንስ 2 ዓመት በቅርብ የሚያውቃችሁ፣ ዘመድም ወኪልም ያልሆነ ሰው ሊይዘው ይችላል። የነፍስ አባታችሁ ወይም የዕድር ወዳጃችሁ በቋንቋችሁ ጠይቆ መፈረም ይችላል፤ ክፍያም የለውም።

ተተኪ ወኪል (ዋናው ወኪል ሥራውን መሥራት ሲያቅተው የሚተካው ሰው) በሚለው ቦታ ላይ ደግሞ የድርጅቱ ሰው ተጽፏል፤ ለሥራውም ከእሷ ገንዘብ እንዲከፈለው ፈቅዳለች ይላል። ልጆቿ እያሉ! ወላጆቻችሁ የፈረሙት ነገር ካለ መጀመሪያ ይህን ገጽ ፈልጉ።

«አዲስ አበባ ላለው ቤትም ይሠራል» ብሏታል። ውሸት ነው። ለአገር ቤቱ ንብረት በኤምባሲ በኩል የሚረጋገጥ ሌላ ውክልና ያስፈልጋል። ቤት ለመሸጥ ከሆነ ደግሞ በፍትሐ ብሔር ሕጋችን ጠቅላላ ውክልና አይበቃም፣ ልዩ ውክልና መሆን አለበት።

የፈረማችሁ ካላችሁ አትደንግጡ። ቤታችሁ መጥቶ ባስፈረማችሁ ነጋዴ ላይ ውሉን በ14 ቀን ውስጥ የመሰረዝ መብት አላችሁ። በኢሜይል ወይም በደብዳቤ አድርጉት፣ ቅጂውንም ያዙ። እኛም እንደዚያ ጻፍን፤ ቀብዱ ተመለሰ። ቀኑ ካለፈባችሁ ነጻ ምክር የሚሰጠውን ሲቲዝንስ አድቫይስ የተባለ ድርጅት አማክሩ። ውክልናው ገና ካልተመዘገበ ማንም ሊሠራበት አይችልም፤ ከተመዘገበም ሰጪው አእምሮው ጤነኛ እስከሆነ ድረስ መሻር ይችላል። ይህ ሁሉ ለእንግሊዝና ለዌልስ ነው፤ ስኮትላንድና ሰሜን አየርላንድ ያላችሁ የራሳችሁ ሕግ አላችሁ።