ሲሊንደር ወይስ ኮንሰንትሬተር? በአደጋ ጊዜ ለሚሰፋ የጽኑ ሕሙማን ክፍል
አደጋ ደርሶ ተራው ዋርድ የጽኑ ሕሙማን ክፍል ሲሆን፣ ቶሎ ከሚያጥሩት ነገሮች አንዱ ኦክስጅን ነው።

ትልቁ ሲሊንደር (ጄ መጠን) ሲሞላ 6,800 ሊትር ገደማ ይይዛል። በደቂቃ 10 ሊትር ለሚወስድ ታካሚ 11 ሰዓት ያህል ያገለግላል፤ በ15 ሊትር ግን ከ7 ሰዓት ተኩል ብዙም አያልፍም። መብራት አይፈልግም፤ ግፊቱ በሬጉሌተር (የግፊት መቀነሻ) ወደ 4 ባር ዝቅ ብሎ በግፊት የሚሠራውን ቬንትሌተር (የመተንፈሻ መሣሪያ) ያንቀሳቅሳል። ጣጣው መንገዱ ነው፦ ድልድይ ከፈረሰ ባዶው ተሞልቶ አይመለስም። ሲሊንደሩ በሰንሰለት ይታሰር። ሬጉሌተሩን ዘይትም ሆነ ቅባት አይንካው፤ እሳት ያስነሳል።

ኮንሰንትሬተር ናይትሮጅንን ከአየር አስቀርቶ 93 በመቶ ገደማ ንጹሕ ኦክስጅን ይሰጣል፤ መኪና አያስጠብቅም። ባለ 10 ሊትሩ ግን 600 ዋት አካባቢ ይፈልጋል፤ ጄኔሬተሩ ቆመ ማለት እሱም ቆመ። ግፊቱ አነስተኛ ስለሆነ ለዚያ ቬንትሌተር አይሆንም። ማጣሪያው በአቧራ ሲደፈን ንጽሕናው ይወርዳል፤ ስለዚህ በየሳምንቱ ይታጠብ፣ በድንኳን ውስጥ ደግሞ ቶሎ ቶሎ።

በደቂቃ እስከ 5 ሊትር ለሚበቃቸው ኮንሰንትሬተሩን እንመርጣለን። ሲሊንደሩ ለቬንትሌተር ይቀመጥ፤ አንድ ሙሉ ደግሞ መብራት ለሚጠፋበት ሰዓት፣ መፍቻው አብሮት ታስሮ።