የከተማ ርቀትና የበረራ ሰዓት የሚያሰላው ሳይት፦ ኪሎሜትሩን እመኑት ሰዓቱን ተዉት

ሁለት ከተማ ስታስገቡለት ርቀቱንና በፕሌን ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ የሚነግራችሁ ሳይት አለ አይደል፣ ስሙን አልጠራም ያው ሁሉም ተመሳሳይ ናቸው። ዘመድ ከአዲስ ሊመጣ ሲል ዲሲ ያለ ሀበሻ ሁሉ መጀመሪያ የሚከፍተው እሱን ነው፣ እኔም እንደዛው።

ርቀት ላይ ጎበዝ ነው። አዲስ አበባ ዋሽንግተን ስትሉት 11,550 ኪሎሜትር አካባቢ ይላችኋል፣ ልክ ነው። ብቻ ዋሽንግተን ብላችሁ ዝም ካላችሁ እነ ሲያትል ያሉበትን ስቴት ነው የሚያመጣው፣ ዲሲ የሚለውን ጨምሩበት።

ሰዓቱ ላይ ግን ኧረ ተዉኝ። 15 ሰዓት ሊሞላ ምንም የማይቀረው ቁጥር ይሰጣችኋል፣ ደግሞ መሄጃውም መመለሻውም እኩል ነው ለሱ! እንዴት እንዳሰላው ከስር በደቃቃ ፊደል ጽፎታል፣ ርቀቱን በሰዓት 800 ኪሎሜትር ምናምን ያካፍልና ለመነሻና ለማረፊያ ብሎ ግማሽ ሰዓት ይጨምርበታል፣ አለቀ። እውነታው ሌላ ነው። ከደለስ (የዲሲው ኤርፖርት) ወደ አዲስ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቀጥታ 13 ሰዓት አካባቢ ነው የሚበረው፣ ከአዲስ ወደ ደለስ ግን መሀል ላይ ነዳጅ ለመቅዳት ስለሚያርፍ 17 ሰዓት ገደማ ይሆናል። ማረፊያው እንደየጊዜው ይቀያየራል፣ የአየርላንዷ ደብሊንም የቶጎዋ ሎሜም ሆኖ ያውቃል፣ በሎሜ ሲዞር ደግሞ መንገዱ ራሱ ከ1,000 ኪሎሜትር በላይ ይረዝማል።

ለምን ካላችሁ ጥፋቱ የቦሌ ከፍታ ነው። ኤርፖርቱ ከባህር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ላይ ነው ያለው፣ እዛ አየሩ ስስ ስለሆነ ሞተሩም ክንፉም ጉልበታቸው ይቀንሳል፣ ስለዚህ ፕሌኑ ሙሉ ሰውና ሻንጣ (የሀበሻን ሻንጣ ደግሞ ታውቁታላችሁ፣ በርበሬው ሽሮው ድርቆሹ) ጭኖ እስከ አሜሪካ የሚያደርስ ነዳጅ ይዤ ልነሳ ቢል አይችልም። ደለስ 100 ሜትር እንኳን አይሞላም፣ ከዛ ታንኩን ሞልቶ ይነሳል። በዛ ላይ ላይኛው ንፋስ ከምዕራብ ወደ ምስራቅ ነው የሚነፍሰው፣ ወደ አዲስ ስትሄዱ ከኋላ ይገፋችኋል ወደ ዲሲ ስትመጡ ፊት ለፊት ይጋፈጣችኋል። ሳይቱ ከዚህ አንዱንም አያውቅም፣ ከፍታ የለ ንፋስ የለ፣ ካርታው ላይ ቀይ መስመር ያሰምርና ቁጭ።

አንድ የወደድኩለት ነገር የሰዓት ልዩነቱ ነው፣ በጋ 7 ክረምት 8 መሆኑን አውቆ ራሱ ያስተካክላል (በጋ ስል የአሜሪካውን ነው)። የኛን አቆጣጠር ግን ከየት ያምጣው፣ ቲኬቱ 22:30 ካለ በኛ ከምሽቱ 4:30 መሆኑን ራሳችሁ አስቡ፣ ከአዲስ ተደውሎ "2 ሰዓት ትደርሳለች" ከተባላችሁ ደግሞ በማን ሰዓት ብላችሁ ጠይቁ፣ ጠዋት 8:00 ሊሆን ይችላል እናንተ ከሰዓት ልትሄዱ ነው።

ማስታወቂያውም ይበዛል፣ ስልክ ላይ ውጤቱን ለማየት ሁለቴ ሶስቴ መዝጋት አለባችሁ። ከ5 ኮከብ 3 ሰጥቼዋለሁ፣ 3ቱም ለኪሎሜትሩና ለሰዓት ልዩነቱ ነው። የምትቀበሉት ሰው ካለ የበረራ ቁጥሩን ተቀበሉና ፍላይትራዳር24 ላይ ፕሌኑ የት እንደደረሰ እዩ፣ እዛ ለነዳጅ ሲያርፍም ሲነሳም ይታያችኋል።