ዋርካው ሥር ያለው ዓሣ ቤት፣ የወንድም ጋሼ ቦታ

ስለ ምግብ ቤት ጽፌ አላውቅም። ይሄን የምጽፈው ወንድሜ ስለሞተ ነው። ባሕር ዳር መጥቶ «ጥሩ ዓሣ የት ይገኛል?» ያለውን ሰው ሁሉ እጁን ይዞ የሚያመጣው እዚህ ነበር። አሁን የሚያመጣችሁ የለም፣ ስለዚህ እኔ ልንገራችሁ።

ቤቱ ታፔላ የለውም። ከጊዮርጊስ ወጥታችሁ የጣናን ዳር ይዛችሁ ስትሄዱ አንድ ትልቅ ዋርካ ታያላችሁ፣ ከሥሩ የቆርቆሮ ዳስና ሰባት ስምንት ጠረጴዛ አለ። እሱ ነው።

ታላቄ ስለሆነ «ወንድም ጋሼ» ነበር የምለው። ልጆቼም ከኔ አፍ ሰምተው ያዙት፣ አንድም ቀን አጎቴ ብለውት አያውቁም። ጡረታ እስኪወጣ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሠርቷል። ልጅ አልወለደም። እሑድ እሑድ ቅዳሴ ሲያልቅ ነጠላውን እንኳን ሳያወልቅ ሁለቱን ልጆቼን ግራና ቀኝ ይዞ እዚህ ይመጣ ነበር።

ወደ ዓሣው ልምጣ። ማዘዝ ያለባችሁ ቀረሶ ጥብስ ነው። ሙሉውን፣ ጎንና ጎኑ ተተልትሎ፣ በፈላ ዘይት ተጠብሶ ይመጣላችኋል። ቆዳው ይንኮሻኮሻል፣ ውስጡ ግን ነጭና እርጥብ ነው። ሎሚ ጨምቁበት። አዋዜያቸው እዚያው የሚዘጋጅ ነው፣ ነጭ ሽንኩርቱ ይሸታል። ጉላሹን አልወደድኩትም፣ ቲማቲሙ ይበዛል፣ የዓሣው ጣዕም ይጠፋል። ዱለቱ ጥሩ ነው። ዋጋው እንደ ዓሣው መጠን ስለሆነ ሳይጠበስ በፊት ጠይቁ። እሑድ አንድ ሰዓት ልትጠብቁ ትችላላችሁ፣ የእጅ መታጠቢያውም አንድ ብቻ ነው፣ ይሄን ቢያስተካክሉት ደስ ይለኛል።

ልጅ ይዛችሁ ከሆነ ከቀረሶ ውጭ አትዘዙ። አጥንቱ ትልልቅ ነው፣ በጣት ይያዛል። ነጭ ዓሣ የሚሉት ይጣፍጣል፣ ግን ሥጋው ውስጥ እንደ ፀጉር የቀጠነ ጫፉ የተሰነጠቀ አጥንት አለው፣ ጉሮሮ ላይ ይሰካል። በዚያ ላይ ክረምት ላይ እንቁላሉን ሊጥል ከሐይቁ ወደ ጉማራና ወደ ርብ ወንዝ ይወጣል፣ መረብም የሚጠብቀው እዚያው ወንዙ አፍ ላይ ነው። ወንድም ጋሼ ነሐሴና መስከረም ነጭ ዓሣ በአፉ አይዞርም ነበር። «እርጉዝ አይታረድም» ይላል። አምባዛ ደግሞ ቅርፊት ስለሌለው ጭራሽ አይበላም ነበር፣ ብዙ የኛ አገር ሰው እንደማይበላው።

ወንድም ጋሼ ዓሣውን ሳያይ አያዝም ነበር። ልጆቹን ጓዳ ድረስ ይዟቸው ይገባና አውራ ጣቱን ከዓሣው ጉንጭ ሥር አስገብቶ ስንጥቡን ገለጥ ያደርግላቸዋል። ውስጡ ደም መስሎ ከቀላ ዛሬ የወጣ ነው። ከጠቆረ ይተዋል። ዓይኑ ከፈዘዘም ይተዋል። ሲቀርብ ሥጋውን እየፈለቀቀ፣ በጣቱ እየዳበሰ አጥንት አለመኖሩን አይቶ ለልጆቹ ያጎርሳል። ለራሱ የሚያስቀረው ጭንቅላቱን ነው።

ትንሿ ልጄ ውኃ ትፈራ ነበር። ከዚህ ሆናችሁ ስታዩት ማዶው አይታይም። 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚያህል ሐይቅ ነው፣ ጥልቀቱ ግን ቢበዛ ወደ 14 ሜትር ነው። ይሄን እሱ ነው የነገራት። «ጣና እንስራ አይደለም፣ ሰፌድ ነው» ይላት ነበር። ከዚያ ወዲህ ውኃው ጫፍ ድረስ ሄዳ የደንገል ታንኳ ሲያልፍ እጇን ታወዛውዛለች።

ኅዳር ላይ ቀበርነው። አርባው ካለፈ በኋላ፣ ከጥምቀት ቀጥሎ ባለው እሑድ ልጆቹ ካልሄድን አሉ። እኔ ልቤ እምቢ ብሎኝ ነበር። ጥቁር እንደለበስኩ ሄድን።

የቤቱ ባለቤት እትዬ ነው የምንላቸው። ከሩቅ አይተውን «ምነው ጠፋችሁ? ጋሼስ የት ቀሩ?» አሉ። እኔ አፌ ተሳሰረ። ትንሿ «ሞተ» አለቻቸው። ትሪውን እዚያው መሬት ላይ አስቀመጡትና ነጠላቸውን አዘቅዝቀው አጠገቤ ተቀመጡ። «ምነው፣ ለኔ መርዶ የሚነግር ሰው ጠፋ?» እያሉ አለቀሱ፣ እኔም አለቀስኩ፣ ደንበኛው ሁሉ ዝም አለ። አስተናጋጁ ልጅም እጁን በሽርጡ ጠርጎ መጥቶ «እግዜር ያጥናችሁ» አለኝ።

በዚህ መሃል ትልቁ ልጄ የለም። ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ሳየው ጓዳ ገብቶ ዓሣ ላይ ጎንበስ ብሏል። አንዱን ገልጦ አየ፣ ተወው። ሌላውን ገልጦ አየና «ይሄን» አለ። ሲመጣ ሥጋውን ፈልቅቆ፣ በጣቱ ዳብሶ እህቱን አጎረሳት። ማንም አላዘዘውም።

ጭንቅላቱ ሳህኑ ላይ ቀረ። «እማ፣ ማን ይብላው?» አለኝ። በልቼው አላውቅም ነበር። አነሳሁት። ጉንጩ ውስጥ አንዲት ትንሽ ክብ ሥጋ አለች፣ ከሁሉም የምትለሰልሰው እሷ ናት።

እትዬ ሒሳብ አልቀበልም አሉ፣ በግድ ሰጠኋቸው። በማግስቱ እንጀራና ሽሮ ወጥ ይዘው ቤታችን ድረስ መጥተው እስኪመሽ አብረውን ተቀመጡ።

እሑድ ከሆነ ከ6 ሰዓት በፊት ድረሱ፣ ከዚያ በኋላ ይሞላል። ከዋርካው ግንድ አጠገብ ወደ ውኃው የዞረች ጠረጴዛ አለች፣ ጥላው ቀኑን ሙሉ ከላይዋ አይሄድም። የእሱ ቦታ እሷ ነበረች። ክፍት ካገኛችኋት ተቀመጡባት።