በርሜል ውስጥ አስነስተው የሚያሳዩአችሁን የጀልባ ሞተር አትግዙ

ጣና ዳር ለምትሠሩ፣ በተለይ ለጥር በዓላት ሥራ ብላችሁ አሮጌ የጀልባ ሞተር እያፈላለጋችሁ ላላችሁ ነው የምጽፈው። የእኔን 95,000 ብር ውሃ በልቶታል፤ ቢያንስ የእናንተ ይትረፍ። የሻጩን ስም አላወጣም። ነገሩ በሽማግሌ ተይዟል፤ ደግሞም ዘዴውን የሚያውቀው እሱ ብቻ አይደለም። ስሙን ብነግራችሁ ከእሱ ትሸሹና ሌላው ያገኛችኋል።

መጀመሪያ የሚያሳፍረኝን ልናገርና ይውጣልኝ። እኔ ሞተር የማላውቅ ሰው አይደለሁም። ባሕር ዳር ሐይቁ ዳር ትንንሽ የጀልባ ሞተር ስፈታና ስገጥም ዓመታት አልፈዋል። አሮጌ እገዛለሁ፣ አድሳለሁ፣ መልሼ እሸጣለሁ። ደላላው የያዘኝም በዚሁ ነው። «አንተ እኮ ባለሙያ ነህ፣ አንተን ማን ይሸውዳል?» አለኝ። ይህን ቃል የሰማችሁ ዕለት ኪሳችሁን ጨበጥ አድርጉ።

ሞተሩን የፈለግሁት ለአንድ የደቅ ደሴት አዛውንት ነበር። ለጥር ሥላሴ ናርጋ የሚሄደውን ምዕመን ሊያመላልሱ ጀልባቸውን አሳድሰው ሞተር አጡ፤ 15 የፈረስ ጉልበት ያለው ፈልግልኝ ብለው ቀብድ ሰጡኝ። በዓሉ ጥር 7 ነው፤ የቀረን ሁለት ሳምንት አይሞላም። የቸኮለ ገዢ ደግሞ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ነው የሚያየው፤ ደላላ ይህን ከእኛ በላይ ያውቃል።

ሞተሩ ጆንሰን ነው፤ ባለሁለት ሲሊንደር፣ ዘይት ከቤንዚን ጋር ተቀላቅሎ የሚሠራ ቱ ስትሮክ፣ በገመድ የሚነሳ። ክዳኑ ነጭ ቀለም ተቀብቶ ያብረቀርቃል፤ ጎኑ ላይ ትልቅ 15 ተለጥፎበታል። አንድ ግቢ ውስጥ፣ በግማሽ የተቆረጠ በርሜል ውሃ ላይ ተሰቅሎ ጠበቀኝ። ሻጩ ገመዱን አንድ ጊዜ ብቻ ሳበው፤ ተነሳ። ድምፁ እንደ ሲንጀር ነው፣ አይንገጫገጭ፣ አይነጥብ። የማቀዝቀዣ ውሃውንም በጎን ሽር ያደርጋል። ጢሱ ወፈር ብሎብኝ ስጠይቅ «ፋሻው አዲስ ነው፣ ገና አልተላመደም» አለኝ፤ ፋሻ የምንለው የፒስተኑን ቀለበት ነው። ክዳኑን ከፍቼ ሲሊንደሩን በእጄ ነካሁት፤ ትኩስ ነው። «ለአንተ ብለን አሙቀን ጠበቅንህ» አሉኝ። እኔ ሞኙ አመሰገንኳቸው!

ብሩን ቆጥሬ ሰጠሁ፤ ባጃጅ ላይ ጭኜ ወደ ሐይቁ ወረድኩ።

የደቁ ሽማግሌ ሞተሩን ሲያዩ እንደኔ በቀለሙ አልተደሰቱም። ዞር ዞር ብለው አዩትና «ልጄ፣ እኔ ሞተር አላውቅም፤ ጭነት ግን አውቃለሁ። ጀልባዬ ላይ እሰረውና እንየው» አሉኝ። ለደሴቱ የገዙት ስምንት ከረጢት ሲሚንቶ ዳር ላይ ተደርድሯል፤ እሱን አስጫኑ። እኔ፣ እሳቸውና አንድ የልጅ ልጃቸው ተሳፈርን። ጠዋት ነው፤ ነፋሱ አልተነሳም፤ ውሃው እንደ ሳህን ተኝቷል። ወደ ክብራን ገብርኤል አቅጣጫ ያዝን።

አሥር ደቂቃ ያህል ምንም አይልም። ከዚያ ቤንዚኑን እስከ መጨረሻው ስሰጠው አፍንጫው ቀና ማለት ያለበት ጀልባ ተደፍቶ ውሃውን መግፋት ጀመረ። ድምፁ ከፍ አለ፤ ፍጥነቱ ግን ያው ነው። ትንሽ ቆይቶ በጎን የሚወጣው ውሃ ቀጠነ፤ በእጄ ብነካው አቃጠለኝ። ወዲያው ድምፁ ተሰበረ፤ በአንድ ሳንባ እንደሚተነፍስ ሰው ሆነ፤ ከዚያም ጠፋ። ገመዱን ሃያ ጊዜ ሳብኩት መሰለኝ። ልጁ መቅዘፊያ አነሳ።

ከዘጌ እንጨት ጭኖ ወደ ከተማ የሚወርድ ደንገል ታንኳ ከኋላችን ደረሰብን። ቀዛፊው አንድ ሰው ነው፤ እንጨቱ ከእሱ ቁመት ይበልጣል። በአጠገባችን ሲያልፍ ፍጥነቱን እንኳ ሳይቀንስ «ገመድ ልወርውርላችሁ?» አለን። ሽማግሌው ሳቁ። እኔ ሞተሩ ላይ አቀረቀርኩ፤ የምፈታው ነገር ያለኝ ለመምሰል ነበር።

ሲመሽ ቤቴ ፈታሁት። በዚያ ሌሊት ያገኘሁትን ነው እንድታውቁልኝ የምፈልገው።

ካንዴላዎቹን አውጥቼ ኮምፕሬሽን፣ ማለትም ፒስተኑ ሲሊንደሩ ውስጥ አምቆ የሚፈጥረውን ግፊት፣ ለካሁ። የታችኛው ሲሊንደር 88፣ የላይኛው 60። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። ፋብሪካ የሚያወጣው መጽሐፍ ላይ ያለው ቁጥር በባሕር ወለል የተለካ ነው። ጣና ወደ 1,800 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆነ፣ እዚያ 110 የሚያሳይ ሞተር እዚህ 90 አካባቢ ቢያሳይ ጤነኛ ነው። ስለዚህ 88ቱ አያስፈራም። የሚያስፈራው በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ነው፤ መንትዮቹ ተቀራራቢ መሆን አለባቸው፣ ከአሥር በመቶ ብዙም ሊራራቁ አይገባም። ባለ 60ው ሲሊንደር አልቆለታል። ታዲያ ያን ዕለት በአንድ ስበት እንዴት ተነሳ? ወፍራም ዘይት በካንዴላው ቀዳዳ አፍስሰውበት ነዋ። ዘይቱ የተበላውን ፋሻ ለጊዜው ይዘጋል፤ ኮምፕሬሽኑም ከፍ ይላል። ያ «አዲስ ፋሻ» የተባለው ወፍራም ጢስ እየተቃጠለ ያለው ዘይት ነበር። በዚያ ላይ ሞተሩ ሞቋል፤ የሞቀ ሞተር ደግሞ ደካማም ቢሆን ይነሳል።

በርሜሉ የሚሸፍነው እንግዲህ ይህንን ነው። በርሜል ውስጥ ሞተር ጭነት የለበትም። ቤንዚኑን ሙሉ ልስጠው ብትሉ ውሃው ግቢውን ያጥበዋል፤ ስለዚህ ማንም አይሰጠውም። በዝግታ ለሚዞር ሞተር አንድ ተኩል ሲሊንደር ይበቃዋል። በአምስት ደቂቃም አይግልም።

ቀጥዬ የማቀዝቀዣውን ክዳን ከላይ ከፈትኩ። የሞተሩን ሙቀት የሚቆጣጠረው ቴርሞስታት የለም፤ አውጥተው ጥለውታል። መተላለፊያው ውስጥ ነጭ ቅርፊት ተጋግሯል፤ በካቻቢቴ ስነካው እንደ ኖራ ይረግፋል። ሻጩ «ከተገዛ ጀምሮ ጣና ላይ ብቻ ነው የሠራው» ብሎኝ ነበር። ጣና ጨው የለበትም! ጣፋጭ ውሃ ላይ የኖረ አሉሚኒየም እንዲህ አይበላም። ይህ ሞተር ባሕር ላይ ያረጀ፣ ውስጡን በንጹሕ ውሃ ያላጠቡት ነው። በዚህ ላይ የውሃ መሳቢያው ጎማ ክንፎቹ ደርቀው ታጥፈዋል፤ ሁለቱ ተሰብረዋል። በርሜል ውስጥ ሽር የሚል ውሃ፣ ሐይቅ ላይ ሙሉ ጉልበት ሲጠየቅ የማይበቃው ለዚህ ነው። (በነገራችን ላይ በፎገራና በደምቢያ በኩል እምቦጭና ጭቃ ውስጥ የሠራ ሞተር ከገዛችሁ ይህን ጎማ ሳትጠይቁ ቀይሩት። ከሞተሩ ሁሉ ርካሹ ዕቃ እሱ ነው፤ ሞተር የሚገድለውም እሱ ነው።)

ከፕሮፔለሩ ፊት ያለው የጥርስ ቤት ደግሞ ሌላ ጉድ ነው። የዘይት ማፍሰሻውን ብሎን ስፈታ የወረደው ዘይት አይደለም፤ ማኪያቶ ነው። ውሃ ገብቶ ከዘይቱ ጋር ተንጧል ማለት ነው። ልገዛ ስሄድ ይህን ብሎን ላላ አድርጌ አይቼ ነበር፤ ንጹሕ ዘይት ነበር። አሁን ሳስበው የብሎኑ አፍ አዲስ ተቧጭሮ ብረቱ ያበራ ነበር፤ ያን ዕለት ጠዋት ቀይረውታል። አዲስ ዘይት ውሃውን የሚያሳየው ሐይቅ ላይ ሠርቶ ሲመለስ ነው። ቤቱን በምስማር ጫፍ ስጭረው ቀለሙ ተላጠና ሥሩ በብረት ማጣበቂያ የተሞላ ስንጥቅ ወጣ። ርዝመቱ የጣት ያህል ነው።

በጣም ያናደደኝ ግን የመጨረሻው ነው። ጀልባው ላይ በሚታሰርበት ማቀፊያ ጎን የሞዴሉ ሠሌዳ መኖር ነበረበት። የለም፤ ሁለት የሪቬት ቀዳዳ ብቻ ቀርቷል፣ በቀለም ተደፍኗል። ጆንሰንና እህት ብራንዱ ኤቪንሩድ ግን በፊት ጊዜ ብዙውን ጊዜ ሞዴሉን ሞተሩ ላይ ባለች ክብ ብረት ላይም ይመቱት ነበር። ቀለሟን በቤንዚን አጠብኳት። ጄ፣ 10፣ አር፣ ሲ፣ አር (J10RCR) ትላለች። ከ1980 እ.ኤ.አ. ወዲህ ባሉት ላይ ዓመቱን የሚናገሩት እነዚያ የኋላዎቹ ሁለት ፊደላት ናቸው። ኢንትሮዲዩስስ (INTRODUCES) የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል አሥር ፊደል አለው፤ ፊደላቱን ከመጀመሪያው ጀምራችሁ 1፣ 2፣ 3 እያላችሁ ቁጠሩ፤ የመጨረሻው 0 ነው። ሲ 8 ሆነ፣ አር 4፤ የ1984 ሞተር። «ከ2000 በኋላ የተሠራ» ነበር የተባልኩት። 10 የሚለው ደግሞ ጉልበቱ ነው፤ 9.9 የፈረስ ጉልበት። 15 አይደለም።

ይህ ማታለያ የሚሠራው ለምን መሰላችሁ? ከ1974 እስከ 1992 እ.ኤ.አ. የወጡት 9.9 እና 15 ጆንሰኖች አንድ ብሎክ ነው ያላቸው። በዋናነት የሚለያዩት በካርቡራተር ነው። ከውጭ መንታ ናቸው፤ ክዳኑ እንኳ ይገጥማል። ስለዚህ የ15 ተለጣፊ ለጥፎ መሸጥ የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው፤ ባለሙያም በዓይኑ አይለየውም። ሠሌዳ የሌለው ሞተር ካያችሁ ዋጋ ሳትጠይቁ ውጡ።

በማግስቱ ሻጩ ጋ ሄድኩ። ሰላምታው ሞቅ ያለ ነው፣ ቡናም አዘዘልኝ። ከዚያ «ወንድሜ፣ ጣና እኮ ከፍታ ነው፤ እዚህ የማይደክም ሞተር የለም» አለኝ። ግማሽ እውነት ከሙሉ ውሸት ይልቅ እንዴት እንደሚያስቸግር ያኔ ገባኝ። እውነት ነው፣ አየሩ ስለሚሳሳ ሞተር በየ300 ሜትሩ ሦስት በመቶ ያህል ጉልበት ያጣል። በእኛ ከፍታ 15ቱ ወደ 12 ይወርዳል፤ 9.9ኙ ደግሞ ወደ 8። ካርቡራተሩ ካልተስተካከለም ቤንዚን ይበዛበትና ካንዴላው ይጠቁራል፤ ይህ ብቻውን በሽታ አይደለም። ከፍታ ግን ሠሌዳ አይነቅልም፤ ስንጥቅም በማጣበቂያ አይሞላም። ይህንኑ ነገርኩት። ያን ጊዜ ወረቀቱን አወጣ፤ «ባለበት ሁኔታ ተረክቤአለሁ» ብዬ የፈረምኩትን።

ይህን ወረቀት ስታዩ ተስፋ አትቁረጡ። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ሻጩ ጉድለቱን እያወቀ በተንኮል ከደበቀ፣ ከኃላፊነት ነፃ የሚያደርገው የውል ቃል አይረባውም። ግን ጉድለቱን እንዳያችሁ ሳትዘገዩ አሳውቁት፤ በጽሑፍ ቢሆን ይሻላል። እኔ ስንጥቁን፣ ማኪያቶውን፣ የሪቬቱን ቀዳዳና ክቧን ብረት በስልኬ አንስቼ ያን ዕለት ላኩለት። ሽማግሌዎች ፊት ሲቀርብ ያወላወለው በእነዚህ ፎቶዎች ነው፤ እስካሁን 30,000 መልሷል።

እናንተ ልትገዙ ስትሄዱ ካንዴላ መፍቻና የኮምፕሬሽን መለኪያ ያዙ፤ የሌላችሁ እኔ ጋ አለ፣ አውሳለሁ። ቤንዚን ከነዘይቱ ራሳችሁ ቀላቅላችሁ ውሰዱ፤ ለእንደዚህ ዓይነቶቹ 50 ሊትር ቤንዚን ላይ 1 ሊትር የቱ ስትሮክ ዘይት ነው። በሃይላንድ የተቀዳ የሻጭ ቤንዚን ምን እንደተጨመረበት አታውቁም። ሞተሩ ቀዝቅዞ ካላገኛችሁት ሻይ ጠጥታችሁ ተመለሱ። ኮምፕሬሽኑን ደግሞ ሁለት ጊዜ ለኩ፤ ከመውጣታችሁ በፊትና ሐይቅ ላይ አንድ ሰዓት ሙሉ ጭነት አስይዛችሁ ከተመለሳችሁ በኋላ። የጥርስ ቤቱን ዘይት የምታዩትም ያን ጊዜ ነው። «ጀልባ የለኝም፣ ሐይቅ ድረስ አልወርድም» የሚል ሻጭ ባሕር ዳር ተቀምጦ እንዲህ ማለቱ ራሱ መልስ ነው። ስለ ዕቃም አስቡበት፤ የጆንሰን እናት ኩባንያ በ2000 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ከሰረ፣ ኤቪንሩድም በ2020 መመረት ቆመ። እኔ ጋ ለያማሃ ዕቃ በቀላሉ ይገኛል፤ ለአሮጌ ጆንሰን ግን ሌላ የሞተ ጆንሰን መፈለግ ነው።

ሽማግሌው ቀብዳቸውን አልወሰዱም። «ያዘው፣ ሌላ ፈልግልኝ» ብለው ለበዓሉ የዘመድ ሞተር ተውሰው ሄዱ።

ጆንሰኑ አሁንም ቤቴ ነው። ከአንድ ከሞተ 9.9 ላይ ሲሊንደርና የጥርስ ቤት አግኝቼ እየገጠምኩት ነው፤ ቴርሞስታትና የውሃ ጎማም አዲስ ገብቶለታል። የ15ቱን ተለጣፊ ልጬ ጥያለሁ። ሳልቀባ የምሸጠው ነው፤ የሚፈልግ ቀዝቃዛ ሆኖ ያገኘዋል፣ ጀልባውንና ጭነቱን ይዞ ይምጣ።