ሠላሳ ብለው የሸጡልኝ ዘጠኝ

የማጉያ መነጽሬ ማጠፊያ ብረት ላይ «30 × 21» የሚል ተቀርጿል። ሃያ አንዱ እውነት ነው። የመስታወቷ ስፋት በሚሊሜትር ነው፤ ለክቼዋለሁ። ሠላሳው ግን ውሸት ነው። እሱንም ለክቼዋለሁ፤ የለካሁት ግን ከገዛኋት ከአራት ወር በኋላ ነው። ንዴቴ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

ዕቃዋ የኦፓል ነጋዴዎች ዓይናቸው ላይ ለጥፈው ስንጥቅ የሚፈልጉባት ታጣፊ ማጉያ መነጽር ናት። ደላንታ ውስጥ ወገልጤና አካባቢ በ2008 እ.ኤ.አ. ኦፓል ከተገኘ ወዲህ ደሴ ላይ እንዲህ ያለ ዕቃ ብርቅ አይደለም። ባለፈው ጥቅምት ፒያሳ ካለች አንዲት ጠባብ ሱቅ በ850 ብር ገዛኋት። ሻጩ ወጣት ነው፤ አፉ ቅቤ። «ጋሼ፣ ይቺ ሠላሳ እጥፍ ናት። ወላሂ፣ የጉንዳን ዓይን ታሳይዎታለች» አለኝ።

እኔ ኦፓል የለኝም። የባዮሎጂ አስተማሪ ነኝ። የፈለግኳት ለድንጋይ ሽበት ነው።

የአጥር ካብ ላይ፣ መቃብር ላይ፣ የቤተ ክርስቲያንና የመስጊድ ግንብ ላይ ነጭ፣ ግራጫ፣ ቢጫ ሆኖ ተለጥፎ የሚታየውን ነገር ማለቴ ነው። አያቴ «ድንጋዩ ቋቁቻ ወጣበት» ትል ነበር። መጽሐፉ ሊከን ይለዋል። ፈንገስና አልጌ ተዳብለው የሚኖሩበት ጎጆ ነው። ፈንገሱ ቤቱን ይሠራል፣ አልጌው ከፀሐይ ምግብ ያበስላል። ከዛፍ ላይ እንደ ጢም የሚንጠለጠል አለ። እንደ ቅጠል የሚዘረጋም አለ። እኔን የያዘኝ ግን ቅርፊቱ ነው። ከድንጋዩ ጋር አብሮ የተጋገረ፣ በጥፍር ልፋቀው ብትሉ ከነድንጋዩ ካልሆነ የማይነሳ።

ከሩቅ ሲያዩት ሁሉም አንድ ነው፤ ቀለም የፈሰሰበት ድንጋይ። ስሙን የሚናገረው ዝርዝሩ ነው። ገላው በጥር እንደሚሰነጣጠቅ ዋልካ መሬት ተከፋፍሏል ወይስ ልሙጥ ነው? ዳር ዳሩን ጥቁር መስመር ይዞረዋል? ላዩ ላይ ዱቄት የተነሰነሰ ይመስላል? ያ ዱቄት ዝም ብሎ ቆሻሻ አይደለም፤ ተራግፎ ሌላ ቦታ የሚበቅልበት ነው። ሲደርቅና ሲረጥብም መልኩ ይለያያል። ዝናብ የመታው ግራጫ ቅርፊት ውስጡ ያለው አልጌ ይታይና አረንጓዴ ይሆናል። ስለዚህ ክረምት ላይ ያያችሁትን በበጋ ላታውቁት ትችላላችሁ።

ከሁሉ በላይ ግን ጣባዎቹ ናቸው። ጣባ የምላቸው እኔ ነኝ። ፈንገሱ ስፖር፣ ማለትም የሚራባበትን ብናኝ፣ የሚያወጣባቸው ክብ ሰሌዳዎች ናቸው። አንዱ ዓይነት ወጥ የቀረበበት ጣባ ይመስላል። መሐሉ ቡናማ ነው፣ ከንፈሩ ግን የገላው ቀለም። ከንፈሩ ውስጥ አልጌ አለበት። ሌካኖራ የሚባለው ወገን እንዲህ ነው። ሌላው ከነከንፈሩ ጥቁር ነው፤ እሳት የለበለበው የሸሚዝ ቁልፍ በሉት። ከንፈሩ ውስጥ አልጌ የለም። ሌሲዲያና መሰሎቹ እንዲህ ናቸው። ይህን ሳያዩ ስም መስጠት በጨለማ በግ መግዛት ነው። ልሙጥ የዛፍ ልጥ ላይ ደግሞ ግራፊስ አለ። እሱ ጣባ የሚባል ነገር የለውም፤ ፍሬው ጭረት ጭረት፣ ጥቁር ጽሕፈት ነው። መጀመሪያ ሳየው የሰፈራችን ልጆች ቁርአን ቤት ይዘውት የሚሄዱት ሉህ ትዝ አለኝ።

ይህን ሁሉ ማጉያዋ አሳይታኛለች። እሺ። መብራቷ በሁለት ወሯ ሞተ፤ የቀን ብርሃን ስለሚሻል አላዘንኩም። መጠምዘዣዋ ላልቷል፤ አጥብቄያታለሁ። ወደ ሠላሳው ልመለስ።

ጦሳ ተራራ ላይ የማገኛቸውን ቅርፊቶች ደብተር ላይ ስመዘግብ የጣባዎቹን ስፋት እጽፍ ነበር። አካሄዴ ቀላል ነው። በአንድ ዓይኔ በማጉያዋ ጣባውን አያለሁ፤ በሌላው ዓይኔ መጽሐፍ በሚነበብበት ርቀት የያዝኩትን ማስመሪያ። ሁለቱ ምስሎች ይደራረባሉ። ጣባው ማስመሪያው ላይ ዘጠኝ ሚሊሜትር ያህል ከሸፈነ ለሠላሳ አካፍለዋለሁ። ዜሮ ነጥብ ሦስት። እጽፋለሁ። በብልሃቴም እኮራ ነበር።

የሊከኑ ስም በጥያቄ በጥያቄ የሚፈለግበት ማውጫ ደግሞ በየደረጃው መንታ መንገድ ነው። ከግማሽ ሚሊሜትር ያንሳል? በዚህ ሂድ። ይበልጣል? በዚያ ሂድ። አንዴ ከሳታችሁ በኋላ የሚመጣው ጥያቄ ሁሉ የሰው ቤት ጥያቄ ነው፤ ግን ምንጊዜም የሚመስል መልስ አይጠፋም። እኔ ለአራት ወር በማይሆነው ሄድኩ። አንዱን ባለ ጥቁር ጣባ ቅርፊት የማይሆን ስም ሰጠሁት። ስሙን በትልቅ ወረቀት ጽፌ ክፍል ግድግዳ ላይ ለጠፍኩት። ለተማሪዎች!

የካቲት ላይ አንዲት ተማሪዬ ማስመሪያዋን ድንጋዩ ላይ አስተኝታ በማጉያዋ አየች።

«ቲቸር፣ ጣባው አንድ ሚሊሜትር ነው።»

«ተሳስተሻል። ዜሮ ነጥብ ሦስት ነው» አልኳት፣ በሙሉ ልብ።

ተቀብያት አየሁ። የማስመሪያው መስመሮች ወፍረው እንደ ቦይ ተጋድመዋል። የጣባው አንድ ዳር አንዱ መስመር ላይ፣ ሌላው ዳር ቀጣዩ መስመር ላይ። አንድ ሚሊሜትር። ላብ ላብ አለኝ። በሁለት ዓይን ምስል ስደራርብ የከረምኩት ሰውዬ ማስመሪያውን ከማጉያው ሥር ማስገባት አልመጣልኝም ነበር። ልጅቱ ምንም አላለችም። ዝም ማለቷ ባሰብኝ።

ቤት ገብቼ መብራቱን አጠፋሁና ከመስኮቱ ትይዩ ካለው ግድግዳ ፊት ቆምኩ። ማጉያዋን ወደ ግድግዳው ሳስጠጋት የመስኮቱ ምስል ተገልብጦ ተሳለ። ጥርት ባለበት ቦታ ርቀቱን ለካሁ፤ 28 ሚሊሜትር። የፊዚክስ ባልደረባዬን ጠየቅሁት። የማጉያ ጉልበት የሚገኘው 250 ሚሊሜትር፣ ማለትም መጽሐፍ የሚነበብበት ርቀት፣ ለዚያ ርቀት ሲካፈል ነው አለኝ። 250 ለ28። ዘጠኝ እንኳ አልሞላም። ለይሉኝታ ዘጠኝ ብለነዋል።

መጠን ቀልድ አይደለም። ኦስትሪያዊው ሮላንድ ቤሸል በ1950 እ.ኤ.አ. አልፕስ ላይ የበረዶ ግግር የተወው ድንጋይ ከተገለጠ ስንት ዓመት እንደሆነው ከሊከን ስፋት መገመት እንደሚቻል አሳይቷል። ለዚህ ሥራ በብዛት የሚለካው ራይዞካርፖን ጂኦግራፊኩም የሚባለው ነው። ቢጫ ያጠላበት አረንጓዴ ሆኖ በጥቁር ድንበር የተከፋፈለ፣ ካርታ መሳይ ቅርፊት ነው። በዓመት አንድ ሚሊሜትር እንኳ አያድግም። እንዲህ ያለውን ፍጡር በሦስት እጥፍ አሳንሶ መለካት የመቶ ዓመቱን ሽማግሌ የሠላሳ ዓመት ጎረምሳ ማድረግ ነው።

ሻጩን በሐሳቤ ስንቴ እንደተከራከርኩት! «ጋሼ፣ አጉልታ አላሳየችዎትም?» ይለኛል። አሳይታኛለች። «ታዲያ ምን ጎደለ?» ሃያ አንድ ጎደለ። እንዲያውም ብረቷ ላይ ራሱ ተጽፎልኛል፤ ሠላሳ ሲቀነስ ሃያ አንድ፣ ዘጠኝ። ማባዣ ያደረጉት ምልክት መቀነሻ ነበር። «ቁጥሩን እኔ አልቀረጽኩትም።» አንተማ አልቀረጽከውም፤ ወላሂ ያልከው ግን አንተ ነህ። «ሁሉም ሱቅ እንዲህ ብሎ ነው የሚሸጠው።» እዚህ ላይ ዝም እላለሁ፤ እውነቱን ነውና። ግን ጤፍ ሠላሳ ኪሎ ብሎ ዘጠኝ የሚሰፍር ነጋዴ ሰኞ ገበያ ላይ ስንት ደቂቃ ይቆያል?

አሁን ወደ ሚያናድደኝ እውነት ልምጣ። እውነተኛ ሠላሳ እጥፍ ቢሸጥልኝ ኖሮ እጥላት ነበር። ሠላሳ እጥፍ ጥርት የሚለው ከድንጋዩ ስምንት ሚሊሜትር ገደማ ላይ ነው። ግንባሬ ድንጋዩን ይነካል፣ ጥላዬ ብርሃኑን ይጋርዳል። መስታወቱም ከሽምብራ ብዙ የማይበልጥ ይሆናል። በ21 ሚሊሜትር መስታወት ሠላሳ የማይመስል ነገር ነው፤ ሳየው መጠርጠር ነበረብኝ። ሊከን የሚያጠኑ ሰዎች መስክ ሲወጡ አንገታቸው ላይ የሚያንጠለጥሉት አሥር እጥፍ ነው። ከዚያ በላይ የሚሻው፣ የስፖሩ ቅርጽና ክፍልፋይ፣ ለሠላሳም አይገኝም። ለእሱ ቀጭን ቁራጭ ቆርጦ ማይክሮስኮፕ ሥር በአራት መቶ እጥፍ ማየት ነው። ብዙ ቅርፊት እስከ መጨረሻው ስሙ የሚደረሰው በዚያ መንገድ ነው።

ስለዚህ ልጁ የሚያስፈልገኝን ነው የሸጠልኝ። «ዘጠኝ ናት ጋሼ» ቢለኝ በደስታ እገዛት ነበር። ዋሽቶ ትክክል መሆኑን ይቅር ልለው አልቻልኩም።

ደግ ቀንም ነበራት፤ አልክድም። ግንቦት ላይ ወፍ ከሚያርፍበት አለት ከብርቱካናማው ቅርፊት የጥፍር ጫፍ የምታህል ስባሪ ይዤ መጣሁ። ከላብራቶሪ የፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ብጥብጥ በስንጥር ጫፍ ነካ አደረግኩበት። በማጉያዋ እያየሁ ነው። ጠብታው ጣባውን ከዳር ያዘው፤ ብርቱካኑ እንደ ቀይ ሥር ጭማቂ ሐምራዊ ቀይ እየሆነ ወደ መሐል ገባ። ትንፋሼን ይዤ ነበር። ሊከንን በኬሚካል ጠብታ መለየትን ፊንላንዳዊው የሊከን አጥኚ ኒላንደር በ1866 እ.ኤ.አ. ነው የጀመረው። ሁለተኛው ጠብታ ደግሞ ተራ በረኪና ነው፤ አንዳንዱ ቅርፊት ሲነካው ይቀላል። ብቻ አደራ፣ ስባሪ ላይ እንጂ መቃብር ላይ ወይም የላሊበላ ግድግዳ ላይ እንዳትሞክሩት። የዚያን ዕለት 850 ብሩ አልቆጨኝም። በማግስቱ ደብተሬን ከፍቼ የአራት ወር ቁጥር ለማረም ስቀመጥ ቆጨኝ።

ሁሉንም ቁጥር አርሜያለሁ። የግድግዳውን ወረቀት አንስቻለሁ። በቦታው «ባለ ጥቁር ጣባ፣ ጦሳ፣ ስሙ ገና» ብዬ ለጥፌያለሁ። ብረቷ ላይ ያለውን 30 በምስማር ፍቄ 9 ጽፌበታለሁ። ጽሕፈቴ አያምርም፤ ግን ይነበባል። የምትገዙ ካላችሁ ግዙ። ማስመሪያ ይዛችሁ ሂዱ።

ባለፈው ሳምንት በሱቁ በር ሳልፍ ልጁ ጠራኝ።

«ጋሼ! 60 መጥቷል!»

ገባሁ። ማስመሪያዬን ከኪሴ አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አስተኛሁት። አዲሷን ማጉያ ደቀንኩበት። መስመሮቹ በኔዋ የሚራራቁትን ያህል ነው የተራራቁት። የጨመረው መብራቱ ብቻ ነው።

«ና እየው» አልኩት።

ጎንበስ ብሎ አየ። ረጅም ጊዜ አየ። ከዚያ ቀና አለና ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ።

«አብሽሩ ጋሼ» አለኝ፣ «ማስመሪያዎ ፎርጅድ ነው።»